ሚስተር ስሚዝ እና አያታችን

ሚስተር ስሚዝን የተዋወቅናቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሚስተር ስሚዝ ጠዋት ይነሳሉ፤ ቁርሳቸውን ይበላሉ፤ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ቢሮ ይገባሉ። ሚስስ ስሚዝ ደግሞ ገበያ ይወጣሉ። በቃ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። እኛም በአንድ ክፍል ስልሳ ምናምን ሆነን፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት ተጣበን፣ የሚስተር ስሚዝን ቁርስ በኅብረት ድምፅ እናነባለን፤ ግማሾቻችን ግን ቁርስ ሳንበላ ነበር የመጣነው። ያኔ ለእኛ ስሚዝ ማለት በአጭሩ ፈረንጅ ማለት ነው። ከረባት፣ የቆዳ ቦርሳ፣ ጭቃ ያልነካው ጫማ።

የስሙን ትርጉም የነገረን መምህር አልነበረም። ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም በቅጽ ሰበብ ነው። ከመካከላችን አንዱ አሜሪካ ለመማር ሲያመለክት "የቤተሰብ ስም" የምትለዋ ሳጥን ላይ ሲደርስ ቆመ። መቼም ኢትዮጵያዊ ሆኖ እዚያች ሳጥን ላይ ያልቆመ የለም። የአባቴን ልጻፍ? የአያቴን? የአባቴን ብጽፍ እኮ እዚያ ስደርስ በአባቴ ስም ሊጠሩኝ ነው! በደቂቃ ሂሳብ በሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤት አራት ሆነን አንድ ኮምፒውተር ከበን ስንከራከር፣ አንዳችን "ቆይ፣ እነሱስ ራሳቸው ከየት አመጡት?" አለ። የምናውቀው የእንግሊዝ ቤተሰብ አንድ ብቻ ስለነበር የሚስተር ስሚዝን ስም ፈለግን።

ቀጥቃጭ! ሚስተር ስሚዝ ለካ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው!

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት እስኪቆጣን ድረስ ሳቅን። ቅጹን የሚሞላው ወዳጃችን ብቻ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ በኋላ እንመጣበታለን። አሁን ሚስተር ስሚዝን እናስቀድም፤ ታሪካቸው ከቁርሳቸው የበለጠ ይጥማል።

አሥር ጆን በአንድ መንደር

እንግሊዞችም እንደማንኛውም ሕዝብ በአንድ ስም ብቻ የሚኖሩበት ዘመን ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ "ስሚዝ" ማለት ብረትና ሌላም ማዕድን ቀጥቅጦ ዕቃ የሚሠራ ሰው ነው። ቃሉ የሰው መጠሪያ ሆኖ ከተጻፈባቸው የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ከሰሜን እንግሊዝ፣ ከደራም የተገኘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ975 ገደማ የተጻፈ ሲሆን ኤክአርድ ስሚዝ የሚባል ሰው ይጠቅሳል። ያን ጊዜ ግን ስሚዝ የሚባለው እውነትም መዶሻ የያዘ ሰው ነው። ልጁ ሞፈር ከጨበጠ ስሙ አብሮት አይሄድም።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው የእንግሊዝና የአሜሪካ ዓመቶች ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው።) አዲሶቹ ጌቶች ርስታቸውን ከነስሙ ለልጅ ማውረስ ያዙ። ተራው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣበት። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ስሞች እየተረሱ ሁሉም ሰው ልጁን ጆን፣ ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ ማለት ጀመረ። እንግዲህ በአንድ መንደር አሥር ጆን ካለ፣ ግብሩን ያልከፈለው የትኛው ጆን ነው? ጸሐፊው መለያ ይፈልጋል። ስለዚህ የሮበርት ልጅ ጆን፣ ኮረብታው ሥር ያለው ጆን፣ ቀዩ ጆን፣ ቀጥቃጩ ጆን እያለ ይመዘግባል። በላቲን የሚጽፍ ጸሐፊ ከሆነ ቀጥቃጩን "ፋበር" ይለዋል። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 በየሰዉ ራስ ላይ ግብር ተጥሎ ነበር፤ ከዚያ ዘመን የተረፉት መዝገቦች በእንዲህ ዓይነት ስሞች የተሞሉ ናቸው። 1400 ሲደርስ አብዛኛው የእንግሊዝ ሰው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ነበረው። ከዚያ ወዲያ ልጅ መዶሻውን ጥሎ ዳቦ ቢጋግርም ስሚዝ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ስሚዝ በእንግሊዝ ከሁሉም የሚበዛ የቤተሰብ ስም ነው። በአሜሪካም እንደዚያው፤ በ2010 የሕዝብ ቆጠራ 2,442,977 ስሚዝ ተቆጥሯል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አስቸገረን። የዚያ ዘመን ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ነበር፤ ታዲያ ለምን ገበሬ የሚል ስም አልበዛም? መልሱ ቀላል ነው። ሁሉም ገበሬ በሆነበት መንደር "ገበሬው ጆን" ማለት ማንንም አይለይም። ቀጥቃጩ ግን በየመንደሩ አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ደግሞም ቀጥቃጭ የሌለው መንደር የለም። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምስማር፣ የፈረስ ጫማ፣ የበር ማጠፊያ ሁሉ ከእጁ ነው የሚወጣው። በየመንደሩ አንድ፣ በየመንደሩ የግድ፤ ስሚዝን ያበዛው ይኼ ነው።

ሙያው በተከፋፈለ ቁጥር ስሙም ተከፋፈለ። ወርቅ የሚሠራው ጎልድስሚዝ፣ የቀስት ጫፍ የሚሠራው አሮውስሚዝ፣ ቢላዋ የሚሠራው ኔይስሚዝ ተባለ። በ1891 ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ እንግዲህ በስሙ ቢላዋ ሠሪ ነው። በርግጥ አሜሪካ ውስጥ ያለው ስሚዝ ሁሉ ዘሩ ከእንግሊዝ መንደር አይመዘዝም። ሽሚት ተብለው ከጀርመን የሄዱ ብዙ ስደተኞች ስማቸውን ወደ ስሚዝ ቀይረዋል። ከአሜሪካ ስሚዞች ከአምስት አንዱ በላይ ደግሞ ጥቁር ነው፤ ቅድመ አያቶቹ በባርነት የኖሩ።

የስድብ ዝርዝር

ይህን ካወቅን ወዲህ ኳስ አርፈን ማየት አልቻልንም። አላን ስሚዝ ቀጥቃጩ አላን ሆነብን። አላን ሺረር ሸላቹ አላን ሆነ፤ የበግ ጠጉር ወይም የጨርቅ ጭራ የሚሸልት ማለት ነው። የ2010 የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ የዳኘው ሃዋርድ ዌብ ደግሞ ሸማኔው ሃዋርድ ነው። ከኳስ ሜዳ ስንወጣም አልለቀቀንም። የማርጋሬት ታቸር ስም (የባላቸው ነው) የሣር ቤት ከዳኝ ማለት ነው። ሃሪ ፖተር ሸክላ ሠሪው ሃሪ። ታነር ቆዳ አልፊ።

የእንግሊዞች ብቻም አይደለም። የፈረንሳዩ ለፌቭር፣ የፖላንዱ ኮቫልስኪ፣ የሩሲያው ኩዝኔትሶቭ፣ ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን የሚያውቁት ሐዳድ፣ ሁሉም ከዚያው ከቀጥቃጭ የመጡ ናቸው። ቦሌ መንገድ ላይ ብታልፍ ሁላችንም ዞረን የምናያት ፌራሪስ? እሷም ስሟ ከብረት ቀጥቃጭ ነው የወጣው!

እስቲ አሁን አራቱን ብቻ መርጣችሁ ወደ አማርኛ መልሷቸው። ስሚዝ፣ ዌብ፣ ፖተር፣ ታነር። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ። ይኼ ዝርዝር በኛ አገር የስም ሳይሆን የስድብ ዝርዝር ነው። እነዚህን ቃላት በዚህ ቅደም ተከተል የሰማናቸው ትምህርት ቤት ውስጥ አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ አንድ ሰው ዘር ሲያወሩ ነው። ቀጥቃጩ ጠይብ ነው፤ ጠይብ ቡዳ ነው፤ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ልጅ ሲበላ ካየ ይበላል። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም ብረት በመቀጥቀጣቸውና ሸክላ በመሥራታቸው ይኼው ስም ወጥቶላቸው ኖሯል።

ወዳጃችን ያልሳቀው ለዚህ ነው። አያቱ ቀጥቃጭ ነበሩ።

ስሙን የጣለ አባት፣ ስሙን ያነሳ ልጅ

ወዳጃችን ዕድሉን አገኘ። ሳጥኗ ውስጥ የአያቱን ስም ሞልቶ ሄደ። ለሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤው ሁሉ "ለሚስተር" ብሎ ከአያቱ ስም ጋር ይመጣለት ነበር።

ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ያለው አበሻ ሁሉ ከሚወሰድባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ስሚዝሶንያን ነው፤ መግቢያው ነጻ ነዋ! እሱንም ዘመዶቹ ወሰዱት። "ቤተ መንግሥቱ" በሚሉት ቀይ ሕንፃ ውስጥ አንድ መቃብር አይቶ የማን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ የጄምስ ስሚዝሰን ነው አሉት። ስሚዝሰን፣ የቀጥቃጭ ልጅ ማለት ነው። ማታውኑ ታሪኩን አንብቦ ጻፈልን። እኛም ከዚያ ወዲህ ደጋግመን አነበብነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጄምስ አባት ነው። ሂው ስሚዝሰን የሚባል የዮርክሻየር ባለ መሬት ነበር። ጥሩ ገቢና መጠነኛ ማዕረግ ነበረው፤ ስሙ ግን ያው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። በ1740 ኤልሳቤጥ ሲይሙር የምትባል ሴት አገባ። ይህች ሴት በእናት በአባት ስትቆጠር የፐርሲ ቤት ወራሽ ሆነች። ፐርሲዎች ከኖርማኖች ጋር ገብተው ለዘመናት ሰሜን እንግሊዝን የገዙ ናቸው። ስማቸው ከእጅ ሥራ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ኖርማንዲ ውስጥ ካለ ቦታ የመጣ ነው። ውርሱ ሲመጣ ሂው ስሚዝሰን በ1750 በፓርላማ ሕግ ስሙን ቀይሮ ሂው ፐርሲ ሆነ። በ1766 ደግሞ የኖርዘምበርላንድ መስፍን ተባለ። የመስፍኑ ግንብ ያለው አኒክ ነው። አላውቀውም እንዳትሉ፤ በ2001 እና በ2002 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሃሪ ፖተር ፊልሞች ላይ ሆግዋርትስ ሆኖ ያያችሁት እሱን ነው። የቀጥቃጭ ልጅነቱን የተወው መስፍን ግቢ ውስጥ ከ250 ዓመት በኋላ ሸክላ ሠሪው ሃሪ በመጥረጊያ ሲበር ማየት ሌላ ጉድ ነው።

መስፍኑ ከትዳሩ ውጪ ከአንዲት ባል የሞተባት ሴት ወንድ ልጅ ወለደ። ልጁ በ1765 ገደማ ፓሪስ ውስጥ በስውር ተወለደ፤ በእናቱ ሟች ባል ስምም ሜሲ ተባለ። (ከኳሱ ሜሲ ጋር ዝምድና የለውም።) የአባቱን ማዕረግ መውረስ አይችልም። ኦክስፎርድ ተማረ፤ ኬሚስትሪና ማዕድን አጠና፤ በ1787 ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። እናቱ በ1800 ስትሞት ስሙን ቀየረ። ምን ብሎ? ስሚዝሰን ብሎ! አባቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተወውን ስም አንስቶ ለበሰው።

በ1829 ጣሊያን፣ ጄኖዋ ከተማ ሲሞት ልጅ አልነበረውም። ሀብቱን ለእህቱ … ማለት ለወንድሙ ልጅ ተናዘዘ፤ ያ ልጅ ያለ ወራሽ ቢሞት ግን ሀብቱ ለአሜሪካ ሕዝብ ይሰጥ፤ ዋሽንግተን ላይም በስሜ ዕውቀትን የሚያስፋፋ ተቋም ይቋቋምበት አለ። አሜሪካን በሕይወቱ አንድ ቀን ረግጦ አያውቅም። የወንድሙ ልጅ በ1835 ያለ ወራሽ ሞተ። በ1838 ወደ 105 ሺህ የሚጠጋ የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም በመርከብ ተጭኖ አሜሪካ ገባ፤ በዶላር ሲመታ ከ500 ሺህ በላይ ሆነ። ኮንግረሱ ይህን የማይታወቅ ሰው ገንዘብ እንቀበል አንቀበል እያለ፣ ከተቀበለም በኋላ ምን እንሥራበት እያለ ሲከራከር ቆይቶ በ1846 ስሚዝሶንያን ተቋቋመ። አጥንቱንም በ1904 ከጄኖዋ አንስቶ ያመጣው የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። ዛሬ የኖርዘምበርላንድን መስፍን ስም ከእንግሊዝ ውጪ ስንት ሰው ያውቃል? የቀጥቃጭን ልጅ ስም ግን ታክሲ ነጂ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ በየቀኑ ይጠሩታል።

ወዳጃችን ያን ማታ ከጻፈልን ውስጥ አንድ ነገር አልረሳነውም። አባቴም እኮ እንደ መስፍኑ ነው ያደረገው፣ አለን።

"ብረታ ብረት ይነግዱ ነበር"

አያቱ የት አገር እንደነበሩ ይቅር። ወናፋቸውንና መስፋቸውን ይዘው ለአካባቢው ሁሉ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማ ይሠሩ ነበር። ገበሬው በመኸር እህል ይሰፍርላቸዋል። ድግስ ሲኖር ግን ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት። እናቶች እሳቸው ሲመጡ የሚበላ ልጅ ካለ በነጠላ ይከልሉታል። እሳቸው በሠሩት ማረሻ የታረሰውን ጤፍ እየበሉ ዓይናቸውን ይፈሩ ነበር። አባቱ በልጅነቱ አዲስ አበባ መጣ፤ ሰው ሲጠይቀው አባቴ ነጋዴ ነበር አለ፤ እንደዚያ ብሎም ልጆቹን አሳደገ። ወዳጃችን እውነቱን የሰማው በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ አገር ቤት ለቅሶ ሄዶ፣ አንድ ሽማግሌ "የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ አይደለህም እንዴ?" ሲሉትና ቤቱ ሁሉ ጸጥ ሲል ነው።

ስም መያዝ ላይማ እኛም ዕድል ነበረን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይላል። ሕዝቡ ግን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ፤ አራተኛው ትውልድ ሲመጣ አያት ከመታወቂያ ይወርዳሉ። ስድቡንም ለማስቆም ተሞክሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሌላውንም ባለሙያ በየሙያው እያዋረዱ መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ሠራተኛን መስደብ አገርን ዕቃ ሠሪ ማሳጣት ነው አሉ። ከአዋጁ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ሞልቶ አልፏል። እንግሊዞቹ ሥራውን ትተው ስሙን ያዙ፤ እኛ ስሙን ትተን ስድቡን ያዝን።

"እኛ" ስንል ለሌላ ሰው አይደለም። ወዳጃችን ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰና ሊያገባ ሆነ። ሽማግሌ የመረጥንለት እኛ ነን። የሚሉትን ያስጠናናቸውም እኛው ነን። የልጅቷ ቤተሰቦች የተማሩ፣ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም አያቱን ከጠየቁ ነጋዴ ነበሩ በሉ ብለን አስጠነቀቅን። እሱም አጠገባችን ቁጭ ብሎ ይሰማል። አሜሪካን አገር በአያቱ ስም ሲጠራ የኖረው ሰውዬ፣ "ምን ቆርጧችሁ!" አላለንም። እውነትም ተጠየቀ። አጎትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው "አያቱስ በምን ይተዳደሩ ነበር?" ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ "ነጋዴ ነበሩ፤ ብረታ ብረት ይነግዱ ነበር" ብለው መለሱ። ውጪ መኪና ውስጥ ሆነን ስንጠብቅ ይህን ሲነግሩን ለሁለተኛ ጊዜ በሚስተር ስሚዝ ጉዳይ በሳቅ ወደቅን። የዚያን ቀንስ ወዳጃችንም ሳቀ።

ልጅቷ ተሰጠች፤ ሠርጉም አማረ። እያደር የሚቆረቁረን ሌላ ነገር ነው። ምናልባት እውነቱን ብንናገር አይከለክሉንም ነበር። አጎትየው ለወግ ያህል ብቻ ጠይቀው ይሆናል። እኛ ግን እምቢ ሳይሉን ፈራን። አያትየውን ለብቻቸው ያስቀመጣቸው የአገሬው ሰው ነው፤ የዚያን ቀን እሳቸውን ከቤት ያስወጣን ግን እኛ ነን፤ ኢንተርኔት የምናውቀው፣ ሃሪ ፖተር ያነበብነው፣ ዓምድ የምንጽፈው።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ለወዳጃችን ሰጥተነው አንብቦታል። ባለቤቱም እንደምታነበው ያውቃል። አትጻፉት አላለም። የለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው። ርዕሱ መጀመሪያ "ሚስተር ስሚዝ እና አያቱ" ነበር። "አያታችን በሉት" አለን። ለመደበቅ ይሁን እኛንም ለማካፈል አልጠየቅነውም፤ እንዳለን አድርገናል።